ጋሽ ዋቅቶላና የቆመን ሰው የማያይ ካሜራ

አዲስ አበባ ውስጥ ሰልፍ ባለበት ሁሉ አንድ ማንም ያልሾመው ሹም አለ። ሰልፉ የታክሲ ይሁን የዘይት፣ የመታወቂያ ይሁን የጸበል ለእሱ ልዩነት የለውም። እናንተ ገና ከሩቅ ብቅ ስትሉ አይቷችኋል። የምታውቁት ሰው አግኝታችሁ ሰላም ለማለት ወደ ሰልፉ ወገብ ጠጋ ካላችሁ፣ ሰላምታችሁን ሳትጨርሱ ድምፁ ከኋላችሁ ይመጣል፤ «ወንድም፣ ሰልፍ አለ!» ይህን ሰው የማያውቅ የከተማው ነዋሪ ካለ የራሱ መኪና ያለው መሆን አለበት።

ሸጎሌ ላይ ይህን ከፍተኛ ኃላፊነት የያዙት ጋሽ ዋቅቶላ ናቸው። ከክር ፋብሪካ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ጠዋት ጠዋት ፒያሳ ያለውን የልጃቸውን ሱቅ ለመክፈት ከሸጎሌ ታክሲ ይይዛሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮታቸው እስከ ላይ የተቆለፈ፣ ክረምት ከበጋ ጥቁር ጃንጥላ ከእጃቸው የማይለይ ሰው ናቸው። ጃንጥላው ተዘርግቶ ያየ የለም። ዝናብ ሲዘንብም አይዘረጉትም፤ ከዘረጉት በምን ይጠቁማሉ?

ደንበኛው ተራ አስከባሪ ባለ ቢጫ ሰደርያው አብራር ነው። ማኅበር አለው፣ መታወቂያ አለው፣ ፊሽካ አለው። ግን እሱ የሚያዘው መኪናዎቹን ብቻ ነው። ሰው ሲጋፋ አይቶ ዝም ሲል ለምን እንደሆነ የጠየቀው ካለ፣ «ታክሲው የኔ ነው፤ ሰዉ የጋሽ ዋቅቶላ ነው» ብሎ ፊሽካውን አፉ ውስጥ ይከታል።

ጋሽ ዋቅቶላ ያዩትን ጉዳይ ወደሚመለከተው አካል አያስተላልፉም። ባዩበት ቦታ፣ ባዩበት ቅጽበት ይፈርዳሉ። አንድ ቀን አንድ ቄስ ቸኩለው ወደ ሰልፉ ራስ ሲያልፉ፣ ጋሽ ዋቅቶላ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ጎንበስ ብለው መስቀል ተሳለሙ፣ «አባቴ ይፍቱኝ» አሉ፣ ከዚያም በጃንጥላቸው የሰልፉን መጨረሻ አሳዩዋቸው። ቄሱም ፈትተዋቸው ወደ ኋላ ሄዱ።

የሸጎሌ ሰልፍ ሕገ መንግሥት አንድ አንቀጽ ብቻ ነው ያለው፤ «ከሰልፍ የወጣ ኋላ ነው።» መውጣት ማለት ደግሞ በመንገዱ ዳር ያለውን ቦይ መሻገር ነው። ሰልፉን ዳር ዳሩን መመላለስ፣ እሳቸው እንደሚያደርጉት፣ ሥራ እንጂ መውጣት አይደለም። ቦዩን የተሻገረ ግን ወጥቷል። አንድ ሰው ከከብት ገበያው በግ ገዝቶ፣ ታክሲ ጣሪያ ላይ ሊያስጭን ተሰለፈ። ገመዱ ቀጭን መስሎት ከፊቱ ላለው ሰው በጉን አስይዞ ሌላ ሊገዛ ቦዩን ዘለለ። ሲመለስ ጃንጥላው ጠበቀው።

«ጋሼ፣ በጉ እኮ እዚሁ ነው!»

«በጉ አልወጣም፤ በቦታው ይቆያል። አንተ ግን ወጥተሃል።»

በጉ በተራው የሰልፉ ራስ ላይ ሲደርስ ባለቤቱ ገና የሰልፉ ጅራት ላይ፣ ከታች ያለው ወፍጮ ቤት ጋ ነበር።

ኢፍቱ ይህ አንቀጽ በራሷ ላይ ሲፈጸም አይታለች። እዚያው ሸጎሌ ተወልዳ ያደገች፣ ኤሌክትሪካል ኢንጅነሪንግ የተማረች ልጅ ናት። የመመረቂያ ጥናቷን በምታቀርብበት ጠዋት፣ ሰልፉ መሃል ቆማ አንድ ገጽ መርሳቷ ትዝ አላትና ከቦዩ ማዶ ፎቶ ኮፒ ቤት ደርሳ ተመለሰች።

«ጋሽ ዋቅቶላ፣ ዛሬ እኮ ጥናቴን የማቀርብበት ቀን ነው፣ እባክዎ!»

«አይዞሽ፣ ታልፊያለሽ» አሏት፤ «ግን ከኋላ ሆነሽ ነው የምታልፊው።»

አለፈች፤ አዳራሹ የደረሰችው ግን ላብ በላብ ሆና፣ መምህራኑ ሰዓታቸውን ማየት ከጀመሩ በኋላ ነበር። ቂም ያዘች። እሳቸው ቂሟን አላወቁም። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ «ኢንጅነሯ» ብለው እየጠሩ፣ ከአጠገባቸው ለቆመ ሁሉ «የሰልፋችን ልጅ ናት» እያሉ ያስተዋውቋታል። ኢፍቱ በዚህች ማስተዋወቅ ታፍራለች፤ ስልኳን የምትጎረጉር መስላ አንገቷን ትደፋለች።

አሁን የምትሠራው እንደ ሰው ዓይን የሚያይ ካሜራ ነው። ሲነገር ከባድ ይመስላል፤ ሐሳቡ ግን ቀላል ነው። ተራው ካሜራ ያየውን ሁሉ፣ አጥሩንም፣ ሰማዩንም፣ ኮብልስቶኑንም፣ ምንም ሳይለይ ሩቅ ላለ ኮምፒውተር ያግዛል። ኮምፒውተሩ ከዚያ ሁሉ ግርድ ውስጥ ፍሬውን ሲለቅም ጊዜውም መብራቱም ያልቃል። ዓይናችን እንዲህ አያደርግም። ብዙውን ነገር እዚያው ዓይን ውስጥ አበጥሮ፣ ለአንጎል የሚበጀውን ብቻ ያቀብላል። የኢፍቱ ካሜራ ብርሃን ተቀባይ፣ ሴንሰሩም፣ በላዩ የተደረደሩት ጥቃቅን ነጥቦች እያንዳንዳቸው ብርሃኑን እዚያው ይመዝኑታል። የተለወጠ ነገር ካለ ይናገራሉ። ያልተለወጠውን ለጥቂት ጊዜ ያስታውሱትና ይተዉታል። ስለዚህ ካሜራው የሰው መልክ አያነሳም፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ጥቁር ሜዳ፣ በሜዳው ላይ በነጭ መስመር የተነደፈ የሚንቀሳቀስ ሰው ነው። መብራት ቢጠፋም ግድ የለውም፤ አንዲት ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ ትበቃዋለች።

ይህን ዓይን ሸጎሌ ታክሲ ተራ ላይ፣ ከቦዩ ማዶ ተከለችው። መትከያው በአሮጌ ጎማ ውስጥ ሲሚንቶ ተሞልቶ የቆመ የብረት ቧንቧ ነው። ሥራው ሰልፉን ማየት፣ ሰው ሲበዛ እዚያው ላይ ገምቶ ለአውቶቡስ መናኸሪያው «ሰው በዝቷል፣ ላኩ» የሚል መልእክት መስደድ ነው። የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ለሙከራ ፈቅዶላታል። በሙከራው መጨረሻ ኮሚቴ መጥቶ ያያል። ካሜራው ሰልፉን ካየ ይቆያል፣ ሌሎች ፌርማታዎችም ላይ ይተከላል። ካላየ ይነቀልና እንደ ማንኛውም ከተማ ተራ ካሜራ ይገዛል፤ የኢፍቱ የዓመታት ሥራም ከጎማው ጋር ወደ መጋዘን ይገባል።

በሙከራው ሳምንታት ካሜራው አንድም ቀን አላሳፈራትም። የሸጎሌ ሰልፍ እኮ ቆሞ አያውቅም። ሰው እግሩን ያፈራርቃል፣ ቦርሳውን ከትከሻ ትከሻ ያዛውራል፣ ታክሲ መጣ አልመጣ ብሎ አንገቱን ያሰግጋል፣ ዞሮ ከኋላው ካለው ጋር ኑሮን ያማል። ካሜራው ይህን ሁሉ እያየ ሰልፉን በነጭ መስመር አሳምሮ ይነድፈዋል።

ከኮሚቴው ቀን በፊት ባለው ጠዋት ጋሽ ዋቅቶላ ቧንቧውን ከላይ እስከ ታች አዩትና ጠየቁ።

«ኢንጅነሯ፣ ይቺ ነገር ሥራዋ ምንድን ነው?»

«ያየችውን እዚያው ትወስናለች፣ ጋሽ ዋቅቶላ። ሁሉን ነገር ይዛ ወደ አለቃ አትመላለስም።»

«እሱማ ደንበኛ ሥራ ነው!» ደስ አላቸው። «ሰው ሆኖ እንኳ ስንቱ አቅቶታል። መልክስ ታነሳለች?»

«አታነሳም።»

ቅር አላቸው። «ታዲያ ሰልፍ አፍራሹን በምን ልንለየው ነው?»

ኢፍቱ ልታስረዳቸው አፏን ስትከፍት ታክሲዋ መጣ። አንድ እግሯን ካስገባች በኋላ ዞር ብላ፣ «ነገ ኮሚቴ ይመጣል። ካሜራው ሰልፉን በደንብ ካየ ይቆያል፤ ካላየ ይነቀላል!» አለቻቸው። ረዳቱ በሩን ዘጋው።

ጋሽ ዋቅቶላ በመስኮቱ በኩል ጃንጥላቸውን አነሡላት። «እሱን ለኔ ተዪው!»

እሳቸው የሚያውቁት ካሜራ የፎቶ ቤት ካሜራ ነው። በእሳቸው ጊዜ ፎቶ መነሣት ማለት ልብስ መቀየር፣ ፀጉር በቅባት ማስተኛት፣ እጅን ከጎን አጣብቆ፣ ትንፋሽን ውጦ፣ ፎቶ አንሺው «በቃ» እስኪል ድረስ እንደ ግንድ መገተር ነው። የሠርጋቸው ፎቶ ላይ ሙሽሮቹም ሚዜዎቹም የፍርድ ቤት ውሳኔ የሚጠብቁ ይመስላሉ፤ የተነቃነቀ ግን የለም። ካሜራ በደንብ የሚያየው ያልተነቃነቀን ነው፤ ከዚህ የተለየ ማንም ሊነግራቸው አይችልም።

በማግስቱ ኢፍቱ ከኮሚቴው ጋር ስትደርስ የምታየውን ማመን አቃታት። የሸጎሌ ሰልፍ ለብሶ ነበር። ኮት ያላቸው ኮት አድርገዋል። የሴቶቹ ነጠላ ገና ከሳጥን የወጣ ነው። ሁሌ ከጋሽ ዋቅቶላ ኋላ የምትሰለፈው ሀያም፣ አዲሱ ገበያ የዕቃ ሱቅ ያላት ሴት፣ ለዒድ የገዛችውን ሻሽ አስራለች። ሁሉም እጁን ከጎኑ አጣብቆ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ ዓይኑን ቧንቧው ላይ ተክሎ ቀጥ ብሏል። ሰልፉ ከታክሲ ተራው ተነሥቶ ወፍጮ ቤቱን አልፎ፣ መታጠፊያው ጋ ይሰወራል። ጋሽ ዋቅቶላ ብቻ ከላይ ታች እየተመላለሱ የጎበጠውን ያቃናሉ። ኢፍቱ የእሷ ሰልፍ እንዲህ አምሮ ስታየው ሆዷ ባባ። ምን እንደሚከተል ገና አልታያትም።

የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ዓምሃ ረጋ ያሉ፣ ጥያቄያቸውን ከመነጽራቸው በላይ የሚጠይቁ ሰው ናቸው። ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ በፕላስቲክ ወንበር ተቀመጡ። ኢፍቱ ላፕቶፑን ከፈተች። መጀመሪያ ሰልፉ ታየ። ሰው በሰው ላይ በነጭ መስመር ተደርድሮ ሲወጣ አቶ ዓምሃ «ጎሽ» አሉ።

ከዚያ ሰው መጥፋት ጀመረ።

መጀመሪያ ከመሃል አንድ ሁለቱ ደበዘዙ። ከዚያ ራሱ ጋ ያሉት ሄዱ፣ ከዚያ ጅራቱ። ነጥቦቹ ያልተለወጠውን ለጥቂት ጊዜ አስታውሰው፣ እንደተሠሩበት አድርገው ይተዉት ነበር። ሰልፉ በሙሉ ጥቁሩ ሜዳ ውስጥ ሰጠመ። ስክሪኑ ላይ የቀረው አንድ ብቻውን የሆነ ረጅም ሽማግሌ ነው፤ ባዶ መንገድ ላይ እየተንጎራደደ በሌለ ሰው ላይ ጃንጥላ ያወዛውዛል። ከሥሩ «የሚጠብቅ ሰው፦ አንድ» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

አቶ ዓምሃ ስክሪኑን አዩ። መንገዱን አዩ። እንደገና ስክሪኑን አዩ።

«ሰልፍ የለም ነው የሚለው?»

ኢፍቱ ከበረንዳው ዘላ ወረደች። «እባካችሁ፣ ትንሽ ተንቀሳቀሱ! እንደ ወትሯችሁ ሁኑ!»

«ማንም እንዳይነቃነቅ!» የጋሽ ዋቅቶላ ድምፅ ከሰልፉ ዳር መጣ። «ልጅቷ ጨንቋት ነው! በዚህ ሰዓት እንዳናዋርዳት!»

ሰልፉ ሁለቱን ትእዛዞች ሰማ፤ የማንን እንደሚፈጽም ለማሰብም ጊዜ አላጠፋም። ጭራሽ ባሰበት። ሀያም ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ፣ «ጋሼ፣ አፍንጫዬ ላይ ዝንብ አርፏል» አለች።

«ቻይው!»

ኢፍቱ ወደ በረንዳው ተመለሰች። ሰዎቹ ለፎቶ ብለው እንደተገተሩ፣ ሁልጊዜ እንዲህ እንደማይሆኑ ለማስረዳት ጀመረች። አቶ ዓምሃ ሳያቋርጧት እስከ መጨረሻው ሰሟት።

«ገባኝ» አሉ። «ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከሌሊት ፈረቃ የወጣች ሴት ደክሟት ዝም ብላ ብትቆም፣ ይሄ ካሜራ አያያትም ማለት ነው? የሚያየው የሚንቆራጠጠውን ብቻ ነው? እኛ እኮ አውቶቡስ መላክ የምንፈልገው ለደከመው ነው።»

ኢፍቱ ሰውየው ክፉ ቢሆኑ ትናደድባቸው ነበር፤ ግን ልክ ናቸው። አንደኛው ባልደረባቸው ቦርሳውን መቆለፍ ጀምሯል። ሥራዋ ዓይኗ እያየ ሲነቀል ተሰማት፤ ፈራች፣ ማልቀስም አማራት። የምትሸሽበት ስታጣ ሰልፉ ላይ አፈጠጠች። ሀያም በዝንቧ እንደተገተረች ናት። ኢፍቱ እያንዳንዱን ሰው ጥርት አድርጋ ታያለች፤ የተነቃነቀ ሳይኖር።

ታዲያ እሷ እንዴት አየቻቸው?

ያኔ የተማረችው ትዝ አላት። የሰው ዓይን ቆሞ አያውቅም። አፍጥጠን አየን ብለን ስናስብ እንኳ ዓይናችን ሳይታወቀን ይንቀጠቀጣል። አስሮ የሚያቆመው ቢገኝ፣ ፊታችን ያለው ነገር በቆመበት ደብዝዞ ይጠፋብን ነበር። ከዓይን ሁሉን ስትቀዳ፣ መቅበዝበዙን ነበር የተወችው። ሰዎቹ መንቀሳቀስ የለባቸውም፤ መንቀሳቀስ ያለበት ካሜራው ነው።

ላፕቶፑን ለቃ መሄድ አትችልም። ለቧንቧው የቀረቡት፣ ከቦዩ ወዲህ ሰልፉ ዳር የቆሙት ጋሽ ዋቅቶላ ናቸው።

«ጋሽ ዋቅቶላ! ቧንቧውን ይነቅንቁልኝ!»

«እ?»

«ካሜራው የተተከለበትን! ይያዙትና ቀስ አድርገው ይነቅንቁት!»

ጋሽ ዋቅቶላ ቧንቧውን አዩ። ከዚያ ቦዩን አዩ። የሚያሳስባቸው ምን እንደሆነ በሰልፉ ውስጥ ያልገባው ሰው አልነበረም። ተራቸው ደርሶ ነበር፤ ከፊታቸው ጥቂት ሰዎች ብቻ ናቸው የቀሩት።

«ከሰልፍ ልውጣ?» አሉ፤ ማንን እንደጠየቁ አልታወቀም።

«እባክዎ!» አለች ኢፍቱ። ይህን ቃል ከዚህ በፊትም ብላቸው ነበር።

ጃንጥላውን ለሀያም ሰጧት። ኮታቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦዩን ተሻገሩ። ቧንቧውን በሁለት እጃቸው ይዘው እንደ ወተት መናጫ ወዲያና ወዲህ ናጡት።

ሰልፉ ተመለሰ። አንድ በአንድ አይደለም፤ በአንድ ጊዜ ሁሉም። ኮቱ፣ ነጠላው፣ የሀያም ሻሽ፣ ወፍጮ ቤቱን አልፎ እስከ መታጠፊያው ያለው ሰው በሙሉ፣ አንድም ሳይነቃነቅ፣ በነጭ መስመር ተነድፎ ቆመ። «ሰው በዝቷል» የሚለው መልእክት ወደ መናኸሪያው ሄደ። ስክሪኑ ላይ የጠፉት ጋሽ ዋቅቶላ ብቻ ናቸው፤ ቧንቧውን ይዘው ከካሜራው ሥር ስለነበሩ አላያቸውም።

አቶ ዓምሃ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሁልጊዜ ሽማግሌ እየነቀነቀው ነው የሚሠራው?»

«የለም፣ የለም! ስልክ ሲጠራ የምታንቀጠቅጠውን የምታህል ትንሽ ሞተር ትበቃዋለች። ነገ እገጥማታለሁ።»

አቶ ዓምሃ ባልደረቦቻቸውን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያው ግጠሚያት፤ ይቆይ» አሉ። ቦርሳውን የቆለፈው ሰው መልሶ ከፈተው።

ኢፍቱ እንደ ልጅ እየሮጠች ወረደች። «ቆየ! ጋሽ ዋቅቶላ፣ ይቆያል ተባለ!»

«ካልቆየማ ምን ዋጋ አለው» አሉና ቧንቧውን ለቀቁ፤ አልቧቸው ነበር። ከዚያም ወደ ሰልፉ ዞረው «በቃ!» ብለው አወጁ። ሰልፉ በአንድ ላይ ተነፈሰ፤ ሀያም ዝንቧን አባረረች። ወዲያው ታክሲ መጣ፤ የአብራር ፊሽካ ተነፋ።

«ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ፣ ቦታዎ ይኸው!» አለች ሀያም።

«ወጥቻለሁ እኮ።»

«ጃንጥላዎ እዚሁ ነው!»

«ጃንጥላው አልወጣም፤ በቦታው ይቆይ። እኔ ግን ወጥቻለሁ።»

ሁሉም ለመናቸው። አብራር ራሱ ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ ለመናቸው። እሳቸው ግን ቀጥ ብለው፣ የሠርጋቸው ፎቶ ላይ ያለውን ፊት ይዘው፣ ሰልፉን ዳር ዳሩን ወደ ኋላ ሄዱ፤ ወፍጮ ቤቱን አለፉ፣ መታጠፊያው ጋ ተሰወሩ። ፒያሳ ያለው የልጃቸው ሱቅ ደንበኞች ያን ቀን በር ላይ ጠብቀዋል። ኢፍቱ ያቺን የመመረቂያዋን ጠዋት እንደገና አሰበቻት። እኚህ ሰው ለማንም አያደሉም፤ ለራሳቸውም። ከዓመታት በኋላ ቂሟን ስትፈልገው አጣችው። ወደደቻቸው።

የሀያም ተራ ደረሰ። ጃንጥላውን ይዛ ልትገባ ነበርና ደንግጣ ለኢፍቱ አቀበለቻት። ኢፍቱ ከቧንቧው ሥር ጃንጥላውን ይዛ ቀረች። ሰልፉ ራስ ላይ፣ ስንት ዓመት ሙሉ ሳይጓደል የኖረው ድምፅ የለም።

ይህንን አንድ ጆሮው ላይ ማዳመጫ የሰካ ጎረምሳ ወዲያው አወቀ። በስልኩ እያወራ መጣ፣ እንደ ዋዛ ቦዩን ዘለለ፣ ታክሲው በር ላይ እግሩን አሳረፈ። ሰዎች ተያዩ። አብራር ወደ ሰማይ አየ። ሁሉም ሌላው እንዲናገር ጠበቀ።

ጃንጥላው ወደ ላይ ተነሣ።

«ወንድም፣ ሰልፍ አለ!»

ኢፍቱ ድምፁ የራሷ መሆኑን ያወቀችው ሰዉ ሁሉ ወደ እሷ ሲዞር ነው። ጎረምሳው እግሩን አወረደ። «አንድ ሰው ብቻ እኮ ነኝ፣ እህቴ፣ ቸኩዬ ነው—»

«ትደርሳለህ» አለችው፤ በጃንጥላው ጫፍ ወፍጮ ቤቱን እያሳየችው። «ግን ከኋላ ሆነህ ነው የምትደርሰው።»

ከመታጠፊያው ወዲያ፣ ካሜራውም እሷም ከማያዩት ቦታ፣ አንድ የምታውቀው ድምፅ «አበጀሽ፣ ኢንጅነሯ!» ሲል ሰማች።